የቡሬው ሚዛን ቁጥር ስልክ ላይ እስኪደርስ

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የእህል ወቅት ሲደርስ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ተሳቢ በተሳቢ ነው። በቆሎ ወይም ስንዴ የጫነ መኪና መጋዘን ወይም ፋብሪካ ግቢ ከመግባቱ በፊት ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛን ቤቱ ውስጥ ካለች ትንሽ ሳጥን ላይ ቀይ ቁጥር ይበራል። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አይታ ካርኒ ላይ ትጽፋለች። ማታ ላይ ካርኒው ተሰብስቦ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ባለቤቱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ «ዛሬ ስንት ኩንታል ገባ?» ብሎ ይደውላል።

አንዱ ቁጥር ካርኒ ላይ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ከዚያም በስልክ ተላለፈ። በየመሐሉ 3 እና 8 ይምታታሉ። ዜሮ ይዘለላል። አንድ ዜሮ ስትዘለል ደግሞ የአንድ ገበሬ የዓመት ልፋት ነው የሚዘለለው።

ብዙ ሰው መፍትሔው የድሮውን ሚዛን ነቅሎ «ስማርት» የሚባለውን መግዛት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ያቺን ሳጥን ዞር አድርገው ጀርባዋን ቢያዩ ዘጠኝ ቀዳዳ ወይም ዘጠኝ እሾህ ያለበት መሰኪያ ያገኛሉ። ሲሪያል ፖርት ይባላል። ሚዛኑ በዚያ በኩል ሳያሰልስ ያወራል። የሚሰማው ነው የጠፋው።

እዚህ ላይ ነው ጌትዌይ የሚባለው መሣሪያ የሚገባው። ሥራው አስተርጓሚነት ነው። በአንድ ጆሮው የሚዛኑን የድሮ ቋንቋ ይሰማል። በሌላ በኩል የፋብሪካው መቆጣጠሪያ ለሚረዳው የኢንዱስትሪ ኔትወርክ ይናገራል። ከዚያ አልፎ ኢንተርኔት ላይ ላለ ሰርቨር፣ ማለትም ለክላውድ ይልካል። ሲወራ ዕዳው ገብስ ነው። ግን አስተርጓሚ ቃል ሊያስቀር ይችላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለሚቀረው ቃል ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑ ምን እንደሚል እንስማ።

ሲሪያል ማለት ፊደል በፊደል፣ ቢት በቢት (ቢት ማለት አንዲት ዜሮ ወይም አንድ ናት)፣ በአንዲት ሽቦ ተራ በተራ መላክ ነው። በጣም የታወቀው ዓይነት አርኤስ-232 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ መስፈርት ነው፤ እስከ ዛሬ አልሞተም። ሽቦው ላይ ቮልቴጁ ከ3 እስከ 15 ሲሆን «ዜሮ» ማለት ነው። ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 15 ሲወርድ «አንድ» ማለት ነው። ሦስት ሽቦ ይበቃዋል፤ አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መቀበያ፣ አንዱ የጋራ መሬት። የዚህኛው መላኪያ ከዚያኛው መቀበያ ጋር መገናኘት አለበት። መላኪያ ከመላኪያ ጋር ከተገናኘ ሁለቱም ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። «ጌትዌዩ አይሠራም» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው እዚህች ላይ ያልቃል።

የገመዱም ርዝመት ገደብ አለው፣ ወደ 15 ሜትር ገደማ። ሚዛን ቤቱ በር ላይ፣ ቢሮው ደግሞ ግቢው መጨረሻ ላይ ከሆነ አርኤስ-232 አይዘልቅም። ያኔ አርኤስ-485 የሚባለው ወንድሙ ይጠራል። እሱ በሁለት የተጠማዘዘ ሽቦ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። በአንድ መስመር ላይም 32 መሣሪያ ይሸከማል። በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም የሆነች ትንሽ ተቃዋሚ ትገባለታለች። ያለሷ ሲግናሉ ጫፍ ደርሶ እየተመለሰ ራሱን ይረብሻል።

አሁን ወደ መልእክቱ። ተሳቢው ሚዛን ላይ ወጥቶ 52,480 ኪሎ አሳየ እንበል። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ሚዛኖች በሲሪያል የሚልኩት እንዲህ ያለ መስመር ነው፦

«ኤስቲ፣ጂኤስ፣+052480ኪግ»

በእርግጥ ፊደሉ የላቲን ነው፣ እኔ ድምፁን ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ያሉት ሁለት ፊደላት ክብደቱ መርጋቱን ይናገራሉ። መኪናው ገና የሚወዛወዝ ከሆነ «ዩኤስ» ይላል፣ አልረጋም ማለት ነው። ከአቅም በላይ ከተጫነ «ኦኤል» ይላል። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ክብደቱ ጠቅላላ መሆኑን ይገልጻሉ። ታራ፣ ማለትም የባዶው መኪና ክብደት፣ ተቀንሶለት የተጣራ ከሆነ «ኤንቲ» ይመጣል። ከዚያ ምልክቱ፣ ቁጥሩ፣ መለኪያው። መጨረሻ ላይ ዓይን የማያያቸው ሁለት ፊደላት አሉ። «መስመሩ አለቀ» የሚሉት እነሱ ናቸው። አምራቹ ሲለይ አጻጻፉ ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

በላቲኑ ሲቆጠር፣ ከማይታዩት ሁለቱ ጋር፣ 17 ፊደል ነው። አንዱ ፊደል ሽቦው ላይ ሲወጣ ከመነሻና ከማቆሚያ ቢት ጋር 10 ቢት ይሆናል። ፍጥነቱ 9600 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት፣ ከሆነ በሰከንድ 960 ፊደል ያልፋል። ስለዚህ ይህ መስመር የሚፈጀው 18 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሚዛኑ በሰከንድ አሥር ጊዜ ቢደጋግመው እንኳ አይጨናነቅም።

ጌትዌዩ ጋ የሚደርሰው ግን 52,480 የሚባል ቁጥር አይደለም። የፊደላት ሰልፍ ነው። «5» የምትለው ፊደል አስኪ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው አቆጣጠር 53 ናት፣ «2» 50፣ «4» 52፣ «8» 56፣ «0» 48። ጌትዌዩ የመስመሩን መጀመሪያና መጨረሻ መለየት አለበት። ቁጥሩን ከመሐል ቆርጦ ማውጣት አለበት። ፊደሉን ወደ እውነተኛ ቁጥር መቀየር አለበት። ግማሹ ብቻ የደረሰ መስመር ካለ መጣል አለበት። ጌትዌዩ የተከፈተው ሚዛኑ ወሬውን ከጀመረ በኋላ ከሆነ የመጀመሪያዋ መስመር ጎዶሎ ልትሆን ትችላለች። «2480» ብቻ ልትደርስ ትችላለች። ያቺን እንደ ክብደት የሚቀበል ጌትዌይ 52 ቶኑን መኪና ሁለት ቶን ተኩል ያደርገዋል።

ከዚህ የባሰች ነገር አለች። «5» እና «7» በአስኪ የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። በአቅራቢያው ያለ ሞተር ሲነሳ ሽቦው ላይ ረብሻ ቢገባና ያቺ ቢት ብትገለበጥ 52,480 የነበረው 72,480 ይሆናል። 200 ኩንታል ከሰማይ ወረደ ማለት ነው። ብዙ ሚዛን ከፋብሪካ ሲወጣ ይህን የሚያውቅ ማረጋገጫ አይበራለትም። ስለዚህ ፓሪቲ የሚባለው ምርጫ ካለ በሁለቱም በኩል ያብሩት፣ የአንዲት ቢት ስህተት ይይዛል። ከዚያ በተጨማሪ ጌትዌዩ አንድን ክብደት የሚቀበለው የረጋ ሆኖ ተከታትሎ ደጋግሞ ሲመጣ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ወጪ የለውም፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

ወደ ፋብሪካው እንግባ

ሚዛኑን ተከትሎ የሚሠራ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የመግቢያ ዘንግ የሚያነሳ፣ መብራት የሚያበራ፣ የእህል ማጓጓዣ ቀበቶ የሚያስነሳ፣ እሱን የሚያዘው ፒኤልሲ ነው። ፒኤልሲ ለፋብሪካ የተሠራ ጠንካራ ኮምፒውተር ነው። የፊደል ሰልፍ ማንበብ ግን አይወድም። እሱ የሚፈልገው ቁጥሩ በታወቀ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦለት እንዲያገኘው ነው። ሣጥኑ ሬጅስተር ይባላል።

ሣጥኑን ለማንበብ ብዙ ቋንቋ አለ። የሲመንስ መሣሪያ የያዘ ፋብሪካ ፕሮፊኔት ይፈልጋል። አለን-ብራድሌይ የያዘ ኢተርኔት/አይፒ ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ኦፒሲ ዩኤ ይላሉ። ጌትዌይ ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኔ ፒኤልሲ የትኛውን ይናገራል?» የሚለው ነው። መልሱ ካልታወቀ ሞድባስ የሚለውን ይያዙ። ሞድባስን ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣው። ክፍት ነው፣ ቀላል ነው፣ የማይናገረው መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። በሲሪያል ሽቦ ላይ ሲሄድ ሞድባስ አርቲዩ፣ በኔትወርክ ገመድ ሲሄድ ሞድባስ ቲሲፒ ይባላል። አጠያየቁ አንድ ነው፦ «ከዚህ ቁጥር ሬጅስተር ጀምረህ ይህን ያህል ስጠኝ።» የተጠየቀው ይመልሳል። ሳይጠየቅ አይናገርም።

እዚህ ላይ የሁለቱ ጠባይ ይጋጫል። ሚዛኑ ሳይጠየቅ ያወራል፣ ፒኤልሲው በራሱ ሰዓት ይጠይቃል። ጌትዌዩ መሐል ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ወሬ ይይዝና ሲጠየቅ ይሰጣል። ለዚህች «ይይዝና» ለምትለው ቃል በኋላ እመለስባታለሁ፣ ብዙ ጣጣ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የሬጅስተሩ ስፋት። አንድ የሞድባስ ሬጅስተር 16 ቢት ነው። ከዜሮ እስከ 65,535 ይይዛል። ፒኤልሲው ግን ያንኑ ሣጥን የመደመርና የመቀነስ ምልክት እንዳለው ቁጥር ሊያነበው ይችላል። ያኔ ጣሪያው 32,767 ነው። ባዶ አይሱዙ ሲመዘን ሁሉም ደህና ይመስላል። ትንሽ ጭነት ሲመዘንም ደህና ነው። ቴክኒሻኑ ሞክሮ፣ ፈርሞ፣ ሄደ። በማግስቱ 52,480 ኪሎ የሆነ ተሳቢ ወጣ። ስክሪኑ ከዜሮ በታች 13,056 አሳየ። ሚዛኑ ራሱ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ከናካቴው ጉድ ነው። ሰው ሚዛኑ ተበላሸ ብሎ ሚዛን ጠጋኝ ይጠራል። ሚዛኑ ምንም አልሆነም። 65,536 ተቀንሶበት ነው የተነበበው።

የሚሻለው ለክብደት ሁለት ሬጅስተር መመደብ ነው፣ 32 ቢት። ጣሪያው ሰማይ ይሆናል። እሱም ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ከሁለቱ ሣጥኖች የትኛው ቀድሞ ይነበባል? ሞድባስ ይህን አልደነገገም፤ አምራቹ ሁሉ እንዳሻው ነው። 70,000 ኪሎ በሁለት ሣጥን ሲቀመጥ በአንዱ 1፣ በሌላው 4,464 ይሆናል። ተገልብጦ ከተነበበ 292,552,705 ይሆናል። ደስ የሚለው ነገር ይህ ስህተት ራሱን አይደብቅም። ሦስት መቶ ሺህ ቶን የሚጠጋ በቆሎ የጫነ መኪና በጎጃም መንገድ አልፎ አያውቅም። ጌትዌዩ ላይ «የቃል ቅደም ተከተል ገልብጥ» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን መቀየር ነው።

ቁጥር ብቻውን አይላክ

አንድ አዛውንት ገበሬ ሚዛን ቤት በር ላይ ቆመው ቁጥሩን ያያሉ እንበል።

«ልጄ፣ ቅድም ያየሁት ሌላ ነበር እኮ። አሁን ቀነሰ።»

«አያ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። መኪናው ገና እየተወዛወዘ ነው። ሲረጋ ነው የምጽፈው።»

ይህን ልጅቷ በዓይኗ ታደርገዋለች። ማንም ሳያስተምራት ቁጥሩ እስኪቆም ትጠብቃለች። የረጋ ብርሃን ሲበራ ትጽፋለች። ጌትዌይ ግን ይህን የሚያደርገው «ኤስቲ» እና «ዩኤስ» የሚሉትን ፊደላት እንዲያይ ከታዘዘ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ብዙዎቹ ሥራዎች እነዚህን ሁለት ፊደላት ቆርጠው መጣላቸው ነው። ቁጥሩ ብቻ ወደ ሬጅስተር ይገባል። «ባለቤቱ የሚፈልገው ክብደቱን ነው» ይባላል። ቁጥሩ ስልክ ላይ ሲደርስ መኪናው ቆሞ ይሁን እየወጣ፣ ታራው ተቀንሶ ይሁን ሳይቀነስ፣ ማንም አያውቅም። ጠቅላላው 52,480፣ ባዶው መኪና 17,060 ከሆነ የተጣራው 35,420 ኪሎ ነው፤ 354 ኩንታል ከ20 ኪሎ። «ጂኤስ» እና «ኤንቲ» ከተምታቱ የመኪናው ብረት ራሱ እንደ በቆሎ ተከፈለበት ማለት ነው። ወይም በተገላቢጦሽ። ሁለቱም ሰው ያጣላል።

ሁለተኛው የሚቀረው ነገር ደግሞ ጊዜ ነው። ቅድም «ይይዝና» ያልኩት ይኼ ነው። ገመዱ ከሚዛኑ ጀርባ ተነቀለ እንበል፣ አይጥ በላው እንበል። ጌትዌዩ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዟል። ፒኤልሲው ሲጠይቅ ያቺኑ ይሰጣል። እንደገና ሲጠይቅ ያቺኑ። ስህተት የሚል ምልክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም። ሦስት መኪና አልፎ ሦስቱም 52,480 ኪሎ ይሆናሉ። ይህ ከብልሽት የከፋ ነው፤ የተበላሸ ነገር ይታወቃል፣ የቆየ ቁጥር ግን ትኩስ መስሎ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለክብደቱ ከሚመደቡት ሬጅስተሮች አጠገብ ሌሎች ይጨመሩ። አንደኛው ሁኔታውን ይያዝ፤ ረግቷል ወይስ አልረጋም፣ ጠቅላላ ነው ወይስ የተጣራ፣ ከአቅም በላይ ነው ወይስ አይደለም። ሌላኛው ቆጣሪ ይሁን። አዲስ መስመር ከሚዛኑ በደረሰ ቁጥር አንድ ይጨምር። ፒኤልሲው ቆጣሪው ለሁለት ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ «ሚዛኑ አይሰማም» ብሎ ዘንጉን እንዳያነሳ ይታዘዝ። ጥሩ ጌትዌዮች መስመር ሲቋረጥ ሬጅስተሩን ወደ ዜሮ የመመለስ ምርጫም አላቸው። እኔ ግን ቆጣሪውን እመርጣለሁ። ዜሮ ራሱ ክብደት ነው፤ ባዶ ሚዛንም ዜሮ ይላል።

ወደ ክላውድ

ከግቢው ውጪ ሲወጣ ቋንቋው እንደገና ይቀየራል። ሞድባስ ለኢንተርኔት አልተፈጠረም። የይለፍ ቃል የለውም። የሚጠይቀው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። የሞድባስ ቲሲፒ በር (የኔትወርክ ፖርት) 502 ነው። ያንን በር ራውተር ላይ ከፍቶ «ከቤቴ ሆኜ አየዋለሁ» ማለት የመጋዘኑን ቁልፍ አደባባይ ላይ እንደ መስቀል ነው። የትም ዓለም ያለ ሰው ሬጅስተሩን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይችላል። ይህን እባካችሁ አታድርጉ፣ ማንም ቢመክራችሁ።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ኤምኪውቲቲ የሚባለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራው የነዳጅ ቧንቧ መስመሮችን በውድ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ነበር። የኔትወርኩ መንገድ ቀጭን፣ ውድና የሚቆራረጥ ነው ብሎ ተነሳ። ለኛ አገር የተሠራ ይመስላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መሐል ላይ ብሮከር የሚባል ሰርቨር አለ። ጌትዌዩ ራሱ ደውሎ ይገናኘዋል። በር የሚከፈተው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ከውጭ ማንም አይገባም። ጌትዌዩ «ቡሬ/ሚዛን1/ክብደት» በሚል ርዕስ ይልካል። ያንን ርዕስ ለመስማት የተመዘገበ ሁሉ፣ የባለቤቱ ስልክ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር፣ ይደርሰዋል። መስመሩ በቲኤልኤስ ተመስጥሮ በበር 8883 ይሂድ። 1883 ያልተመሰጠረው ነው፣ ለሙከራ ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር በተለይ እወድለታለሁ። ጌትዌዩ ሲገናኝ ኑዛዜ ያስቀምጣል። «እኔ ድንገት ከጠፋሁ ይህን መልእክት ለሁሉም አሰማ» ይላል። መብራት ሄዶ ወይም ሲም ካርዱ ሂሳብ ጨርሶ ዝም ሲል፣ ብሮከሩ ጠብቆ ኑዛዜውን ያነብለታል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ የቆየ ቁጥር ሳይሆን «ሚዛን 1 ጠፍቷል» የሚል ያያል። በግቢው ውስጥ ቆጣሪው የሠራውን ሥራ ከግቢው ውጪ ኑዛዜው ይሠራዋል።

ሁሉንም መስመር ክላውድ ላይ መስደድ ግን አያስፈልግም። በሰከንድ አሥር ጊዜ 17 ፊደል ቀኑን ሙሉ ሲላክ ከ14 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ያውም ኔትወርኩ መልእክቱን የሚጠቀልልበት ፖስታ ሳይቆጠር። አብዛኛው ደግሞ «ሚዛኑ ባዶ ነው» የሚል ወሬ ነው። ፒኤልሲው ሁሉንም ይስማ፣ እሱ ግቢው ውስጥ ነው። ወደ ክላውድ የሚሄደው መኪናው ተመዝኖ ሲያልቅ የሚዘጋው አንድ መዝገብ ይሁን፦ የካርኒ ቁጥር፣ ታርጋ፣ ጠቅላላ፣ ታራ፣ የተጣራ፣ ሁኔታ፣ ሰዓት።

ኔትወርክ ይጠፋል። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ጌትዌዩ መዝገቡን በራሱ ማህደረ ትውስታ ላይ አስቀምጦ፣ መስመሩ ሲመለስ በተራ የሚልክ መሆን አለበት። ሲገዙ ይህን ይጠይቁ። «ከኔትወርክ ሲወጣ ስንት መዝገብ ይይዛል? መብራት ቢሄድስ የያዘው ይጠፋል ወይ?» ሻጩ ሁለተኛውን ጥያቄ ካልመለሰ ዕቃውን አይውሰዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከተላል። ኤምኪውቲቲ ሦስት የጥንቃቄ ደረጃ አለው። ደረጃ 0 ልኮ ይረሳል። ደረጃ 1 ደረሰኝ እስኪመጣለት ደጋግሞ ይልካል፣ ስለዚህ አንዱ መዝገብ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ደረጃ 2 አንዴ ብቻ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ግን ምልልሱ ይበዛል። እኔ ደረጃ 1ን እመክራለሁ፣ ከካርኒ ቁጥር ጋር። ሰርቨሩ ያው የካርኒ ቁጥር ዳግመኛ ሲመጣ ሁለተኛውን አይመዘግብም። የካርኒ ቁጥር ከሌለ ግን ኔትወርክ በተቆራረጠበት ቀን መጋዘኑ ውስጥ የሌለ እህል መዝገቡ ላይ ይገኛል።

የሰዓቱ ነገር

ከውጭ አገር በሚመጣ መመሪያ ላይ ይህን አታገኙትም። ጌትዌዩ ሰዓቱን የሚይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የኛ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከእሱ በ3 ይቀድማል። ሚዛን ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ ካርኒው ላይ የምትጽፈው በሐበሻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተመዘነ መኪና ጌትዌዩ ላይ 6፡00 ይላል፣ የአንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ 9፡00 ይላል፣ ካርኒው ላይ 3፡00 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ክርክር ቢነሳ ግን ሦስት የተለያዩ መኪናዎች ይመስላሉ።

መዝገቡ ውስጥ ሁልጊዜ ዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ይቀመጥ። ወደ ሐበሻ ሰዓትና ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለወጠው ሰው ሲያየውና ካርኒ ሲታተም ብቻ ይሁን። ጠዋትና ማታ የሚለውም አብሮ ይታተም፤ በቀን ውስጥ ሁለት 3 ሰዓት አለና። የወር ሪፖርት የሚያወጣውም ሶፍትዌር ጳጉሜን የሚያውቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ፈትኑ። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረምን የሚያመጣ ፕሮግራም አምስቱን ቀን፣ አንዳንዴም ስድስቱን፣ የት እንደሚጥላቸው አይታወቅም።

ሌላው ደግሞ የጌትዌዩ የውስጥ ባትሪ ነው። ሰዓቱን መብራት በሌለበት የምትይዘው ያቺ ናት። እሷ ካለቀች መብራት ሄዶ ሲመለስ ኔትወርክ እስኪያገኝ ድረስ 1970 ወይም 2000 ላይ ነኝ ሊል ይችላል። በዚያ መሐል የተመዘኑ መኪናዎች ሁሉ የዚያን ዘመን ቀን ይለጠፍባቸዋል።

ስለ መብረቅ ደግሞ አጭር ልናገር፣ ምክንያቱም ዕቃውን ሁሉ አንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። የጎጃም ክረምት መብረቁ ቀልድ አያውቅም። የመኪና ሚዛን ደግሞ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ብረት ነው። ሚዛን ቤቱና ዋናው ቢሮ በመሬት መስመር ይለያያሉ፤ በአቅራቢያ መብረቅ ሲወርድ በሁለቱ መሐል ትልቅ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት የሚያገኘው ቀጭኑን የሲሪያል ሽቦ ነው። ኢንዲኬተሩን (ቀይ ቁጥር የሚበራባትን ሳጥን)፣ ጌትዌዩንና ኮምፒውተሩን ተከታትሎ ያቃጥላል። ስለዚህ ጌትዌዩ ሲሪያል መግቢያው ከውስጡ በኤሌክትሪክ የተነጠለ፣ አይሶሌትድ የሚባለው ይሁን። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚያልፈው ደግሞ ከተቻለ መዳብ አይሁን፣ ፋይበር ወይም ገመድ አልባ ይሁን። ጌትዌዩን ሚዛን ቤቱ ውስጥ፣ ከኢንዲኬተሩ አጠገብ አስቀምጦ ከዚያ በኋላ በዋይፋይ ወይም በሲም ካርድ መውጣት በብዙ ግቢ ውስጥ የሚበጀው ነው።

ለጀማሪ አንድ ምክር። ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፕና ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ይዛችሁ ሚዛን ቤት ሂዱ። ፑቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። የሚዛኑን መመሪያ አይታችሁ ፍጥነቱንና ፓሪቲውን አስተካክሉ። ትክክል ከሆነ ያ መስመር ስክሪኑ ላይ ይወርዳል። ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ የመጣው ፍጥነቱ ወይም የቢት አደራደሩ ተሳስቷል። ምንም ካልመጣ መላኪያ ከመላኪያ ጋር ተገናኝቷል፣ ወይም ሚዛኑ ሳይጠየቅ የማይናገር ዓይነት ነው። መኪና ሲወጣ፣ ሲወዛወዝ፣ ሲረጋ፣ ታራ ሲነካ የሚመጣውን ሁሉ ፋይል ላይ አስቀምጡት። ያ ፋይል ለጌትዌዩ ሻጭ፣ ለፒኤልሲው ባለሙያ፣ ሶፍትዌሩን ለሚጽፈው ልጅ ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል።

ሥራው አልቋል ሲባል ደግሞ እንዲህ ፈትኑት። ከባድ ተሳቢ አውጡ፣ ከ33 ቶን በላይ የሆነ። ሚዛኑ፣ የፒኤልሲው ስክሪን፣ ሰርቨሩና ስልኩ አንድ ቁጥር ይበሉ። ከ65,535 በላይ ያለውን በመኪና መሞከር ስለሚከብድ፣ ከላፕቶፕ ልክ እንደ ሚዛኑ ያለ መስመር ወደ ጌትዌዩ ላኩ። መኪናው ሚዛኑ ላይ እንዳለ የሲሪያሉን ገመድ ንቀሉ። ስክሪኑ በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ «አይሰማም» ማለት አለበት። ያቺኑ ቁጥር ይዞ ከቀረ ሥራው አላለቀም። ከዚያ ሲም ካርዱን አውጡና ለአንድ ሰዓት ያህል መኪና መዝኑ። በመሐል መብራቱንም አጥፍታችሁ አብሩ። ሲም ካርዱን መልሱና የካርኒውን ጥራዝ ክላውድ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የጎደለ ወይም የተደገመ ካርኒ ካለ፣ ወይም ሰዓቱ የተሳሳተ ካለ፣ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።